ድንጋጤንና ፍርሃትን የሚለዩት ጋሼ ገብረሚካኤል

በየከተማው አንድ ሰው አለ። ፊልም ሊያዩ ገብተው አጠገቡ ከተቀመጡ፣ ማን እንደሚሞት፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚሞትና መሞቱም ለምን እንደሚገባው አስቀድሞ ይነግርዎታል። ዝም በል ቢሉት ይቀየማል። ቦታ ቢቀይሩ ተከትሎ ይመጣል። መንግሥት ይለወጣል፣ ካሴቱም ሲዲ ይሆናል፤ እሱ ግን አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

የሸዋ ሮቢቱ ጋሼ ገብረሚካኤል ይባላሉ። እኔ ባስተምርበት ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ጠመኔ በፍሬ፣ መጥረጊያ በፊርማ የሚያወጡ። ይህ የደመወዝ ማዕረጋቸው ነው። እኔ የሰጠኋቸው ማዕረግ «ሊቀ ፍርሃት ዘይፋት» የሚል ነበር። ከሆረር በቀር ፊልም አያዩም። የፍቅር ፊልም ከተከፈተ፣ «ይሄማ ቤቴም አለ» ብለው ይወጣሉ። ቤታቸው ውስጥ ግን አልነበረም። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

የተዋወቅነው አንድ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እትዬ አመለወርቅ ቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፤ እኛ ከሥሩ እንቀቀላለን። እትዬ አመለወርቅ ሲዲውን ከፍተው፣ አማትበው፣ ወጥተው በሩን ከውጭ ይይዛሉ፤ የራሳቸውን ፊልም አንድም ቀን አይተው አያውቁም። ፊልሙ ላይ የጓዳው በር ገርበብ አለና አንድ ነገር ዘሎ ወጣ። ጮህኩ።

«መምህር» አሉኝ ጋሼ ክንዴን ይዘው፤ «ድመት ነው። ጩኸትህን ቆጥብ፤ ለእህትየዋ ያስፈልግሃል።»

እህትየዋ በሃያኛው ደቂቃ ሞተች። ዝም ብዬ አየኋት። ተነግሮኝ የለ?

ትምህርታቸው አንድ ነው፤ ከኔ ትምህርት ይልቅ በተማሪዎቼ ዘንድ የታወቀ። «ድንጋጤ ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ! ድንጋጤ ከውጭ ይመጣል፤ ድመቱም ያስደነግጥሃል። ፍርሃት ከራስህ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ሲወጣም ድምፅ የለው።» በዚህ ሚዛን ፊልሞችን ሁሉ ደረጃ አውጥተውላቸዋል፤ ስማቸውንም በራሳቸው አማርኛ ቀይረውታል። አንደኛው፣ በወጣትነታቸው ደሴ ያዩት ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ «የደወሉ ሰው» ነው፤ መንደሩ ውስጥ ሰው ሊሞት ሲል ደወል ይሰማል፤ ደዋዩ እስከ መጨረሻው አይታይም። ሁለተኛው ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ አዲስ ሲዲ፣ «ባዶው ወንበር» ነው፤ ራት ገበታው አጠገብ ያለ ወንበር በየቀኑ አንድ ስንዝር ይጠጋል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያያል፤ የሚናገር የለም። ሰው በመጥረቢያ የሚከታተፍበትን ዘመናዊ ዓይነት ከነጭራሹ አይመድቡትም። «እሱ ልኳንዳ ነው» ይላሉ።

ፊልም ቤት ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ጀውሃ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ ድንኳኑ ዝም ሲል ጊዜ፣ በቁሙ ስለተቀበረ ሰውዬ የሚተርከውን ፊልም ለለቀስተኛው ማውራት ጀመሩ። ሰዉ በለቅሶው መሐል ጆሮውን ቀሰረ። የሟች ወንድም ቀስ ብሎ ተነስቶ ወጣ። ኋላ ሲፈለግ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ጆሮውን መቃብሩ ላይ ደፍቶ ተገኘ። ጋሼ አላፈሩም። «እንዲህ ነው የሚታይ» አሉ፤ «እናንተ ታያላችሁ እንጂ አትሰሙም።»

አሁን ወደ ሐሙሱ ልምጣ።

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የበላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ ተማሪ ሁሉ ለሰልፍ ይውጣ ተባለ። የኔ ክፍል ፈተና ላይ ነበር። «ሲጨርሱ ይወጣሉ» አልኩ። ሲጨርሱ ወጡ፤ እንግዳውም ሄዷል።

በሳምንቱ ሐሙስ ግምገማ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ ሽፈራው ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ፣ ከኔ በቀር ሁሉንም እያየ ተናገረ።

«መምህር አሰግድ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት አለበት የምትሉ፣ እጅ!»

እኔ ከመምህር ቢላል ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ ኪራይ ስከፍል እንጂ ስሰበስብ ያየኝ የለም። መጀመሪያ የወጣው የቢላል እጅ ነበር። ከዚያ የመምህርት ሳምራዊት፤ ከዚያ አግዳሚው በሙሉ። ጋሼ ገብረሚካኤል ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። አየኋቸው፤ ወለሉን ያያሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ተነሳ፤ ትከሻቸው ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ወጣ።

ከማጀቴ ከተማ ወዲያ ወዳለ ትምህርት ቤት በቅጣት ተዛወርኩ። ሻንጣዬን ሳስር የሥራ ባልደረቦቼ ሊሰናበቱኝ እየመጡ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ምክንያት ይዘው።

«ወላሂ፣ ለአንተው ብዬ ነው» አለኝ ቢላል። «ነገሩ እንዳይከር።»

ሳምራዊት እያለቀሰች፣ ለሻይ ዕረፍት የተጠየቀ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። ሽፈራውም መጣ፤ መመሪያ መሆኑንና በግል እንደሚወደኝ ገለጠልኝ። በዚያ ሳምንት በሸዋ ሮቢት ከኔ የበለጠ የተወደደ ሰው አልነበረም። ጋሼ ገብረሚካኤል ብቻ አልመጡም።

አዲሱ ቦታ መብራት የለም፤ ፊልምም የለም። የሦስት ወር ቂም ግን በጨለማም ይበስላል። ቢላልን ረሳሁት። ሽፈራውንም፣ ሥራው ነው ብዬ ተውኩት። ጋሼን ግን ቀንም ሌሊትም እየጠራሁ እከሳቸዋለሁ፤ ያን ሁሉ ሬሳ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ያዩ ሰውዬ የሽፈራውን ደብተር ማየት እንዴት አቃታቸው?

በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራ ለብሰው፣ በፌስታል ማንጎ ይዘው ከደጄ ቆሙ። ከማጀቴ በእግራቸው ነው የመጡት። ይግቡ አላልኳቸውም።

«መምህር» አሉ፤ «ፈራሁ።»

ምክንያቱን ጠበቅሁ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት እንደቀረው አውቃለሁ። ልጃቸው ሐና ኮሌጅ እንደገባች፣ እጃቸውን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። አንዱንም አላነሱም።

«ሌላ የሚሉኝ የለም?» አልኩ።

«እጅ ሲነሳ አየሁ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። የኔ ነው።» ፌስታሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ለመምጣትም ፈርቼ ነበር፤ ለዚህ ነው የዘገየሁ።»

«እኔን ነው የፈሩት?»

«አንተን። ምን ብሎ ያየኛል ብዬ።»

እንዳያቸው ነበር የመጡት፤ አየኋቸው። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ያ እጅ ሕይወቴን ወዲህ አምጥቶ ጥሎታል፤ ማንጎ አይመልሰውም። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ወዳጄ መሐል፣ ያን ሐሙስ የሆነውን ነገር በስሙ የጠራልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ይግቡ እንግዲህ» አልኩ፤ «ጀምበሯ አዘቅዝቃለች፤ መኪና አያገኙም።»

ቤቴ ውስጥ ያለው አንድ ጠባብ አልጋ ነው። ወደ ግድግዳው ተጠጋሁላቸው።