ሊቀ ድራማና ያላለቀው ሰባኪ

በየሰፈሩ «አልቋል» ሲሉት የማይሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ የተበተነ የኳስ ቡድን ይደግፋል፤ ሌላው የተዘጋ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ስለ ጥብሱ ያወራል። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን ሁለት ወንበር ባላት ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሊቀ ድራማ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠው አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ የሚሠራው ባልደረባው ነው። ሲሰጠው ለሽሙጥ ነበር፤ ተሿሚው ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ በክብር ተቀበለ።

ልቡን የሰጠው የቴሌቪዥን ድራማ ስለ አንድ ሰባኪ ነው። ሰውዬው አንድ ጠዋት ሲነሳ መጸለይ አቃተው። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ቀን ሌላውን ሲያጽናና ይውላል፣ ሲመሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እንዲህ እያለ ቆይቶ፣ በስንት መከራ ተንበርክኮ አፉን ሊከፍት ሲል፣ ጣቢያው «ተመልካች አነሰ» ብሎ ድራማውን አቋረጠው።

«ተመልካች አነሰ? እኔ ሰው አይደለሁም?» ይላል ሊቀ ድራማ፣ ምላጩን አየር ላይ አንጠልጥሎ። ወደ ጣቢያው ከመደወሉ ብዛት ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ድምፁን ስትሰማ «ጋሼ፣ ዛሬም የለም» ትለዋለች።

ከዚያ ወዲህ እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ድራማውን ከሀ እስከ ፐ ይሰማል። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይከራከራል? አንድ የሒሳብ መምህር ብቻ ደፍሮ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ፣ «በእኔ ግምት ሰባኪው በመጨረሻ ሥራውን ይለቃል» አለ።

ሊቀ ድራማ ምላጩን አስቀመጠ። «ያልታየ አይወራም!»

መምህሩ ይቅርታ እስኪጠይቅ ሌላኛውን ጉንጩን አልነካለትም። ባልደረባው ድራማውን አንድም ቀን ሳያይ በቃሉ ያውቀዋል፤ አንዳንዴ በሕልሙም ይመጣበታል።

የባልደረባው ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። እናቱ ከሞቱ ወዲህ አባቱ ዝም ብለዋል። ጸሎታቸውን ትተዋል፤ ሰው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ በገዛ ልጃቸው እጅ እንኳ አልላጭም ብለው ጢማቸው ጎፍሯል። የሰው ጢም ሲያሳምር የሚውል ልጅ ይህን እያየ አንጀቱ ያርር ነበር። አባቴን በቁማቸው ላጣቸው ነው ብሎ ፈራ።

«እስቲ እኔ ልሞክር» አለ ሊቀ ድራማ አንድ እሁድ፣ ዕቃውን ይዞ።

እንዴት እንዳደረገው እንጃ፣ ሽማግሌው ተላጩ። በሚቀጥለው እሁድም ተላጩ። በኋላ ነው ዘዴው የታወቀው። የድራማውን ትረካ የሚመጥነው በሽማግሌው ጢም ነው፤ ወሬው ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ ጢሙ ያልቃል። ቀሪውን የፈለገ ጢሙ እስኪያድግ ይጠብቃል።

እሁዶች እየተደራረቡ ሲሄዱ ልጁ ግራ ገባው። እሱ በሚያውቀው ድራማው ካለቀ ቆይቷል። አንድ ቀን የሞቀ ውሃ ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ የሊቀ ድራማን ድምፅ ሰማ።

«ሰባኪው ከተንበረከከበት ብድግ አለ! በሩን ማን እያንኳኳ ነበር መሰልዎት? እህቱ!»

ውሃው ከእጁ ሊያመልጠው ነበር። እንዲህ የሚባል ነገር በድራማው የለም! የመምህሩን ጉንጭ አልነካም ያለው ሰው፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት፣ ከሆዱ እያወጣ ይተርካል። ያ ቀኖናው የማይነካ ሰው ለአንድ ሽማግሌ ሲል ከሃይማኖቱ ወጥቷል። ልጁ እንደዚያን ቀን ሰው ወዶ አያውቅም።

ሊቀ ድራማ ዕቃውን ሸክፎ ሲሄድ ግን ልጁን የአባቱ መታለል ከበደው።

«አባዬ፣ አይቀየሙኝና ድራማው እኮ ከቆመ ቆይቷል።»

«ይሄን ለእኔ ትነግረኛለህ? እህትየዋን እኮ ባለፈው እሁድ ራሱ በወሬው ቀብሯታል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉት?»

ሽማግሌው አዲስ የተላጨ ጉንጫቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ላቡን አላየህም? ወሬ እያለቀበት ነው፣ ምስኪን። እኔም ማታ ማታ እንዳያልቅበት እየጸለይኩለት ነው።»