ጋሼ አይቻልም

መሥሪያ ቤት ያለ ጣሪያ ሊሠራ ይችላል፤ "አይቻልም" የሚል ሰው ሳይኖረው ግን አንድ ቀን አያድርም። አንዲት የሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ናቸው። ሠራተኛው ከኋላቸው "ክቡር ጋሼ አይቻልም" ይላቸዋል። መልእክቱም ጥሪውም የሚያልፍበትን ሰርቨር በአንዲት ጠባብ ክፍል ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ።

ሰርቨሩ ከግቢው አጥር ውጭ አይሠራም። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ከመንገድ ደውለው መልእክቴን ልይ ቢሉ፣ "ለእርስዎ የከፈትኩት በር ለሌባም ተከፈተ ማለት ነው" ተባሉና ጉዟቸውን አሳጥረው ተመለሱ። የሽያጭ ክፍል ሰዎች ከውጭም ይከፈትልን ብለው ፊርማ አሰባስበው አቤት ሲሉ ደግሞ ጋሼ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አርመው መለሱላቸው።

ታዲያ የጸሐፊዋ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከእሷ ሌላ አስታማሚ የላቸውም፤ ፈቃዷም ሊያልቅ ነው።

"ከቤትሽ ሆነሽ ጥሪና መልእክት ካስተናገድሽ ይበቃኛል፤ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊውን አሳምኚ" አሏት ሥራ አስኪያጁ።

ጠባቧ ክፍል በር ላይ ቆማ ነገረቻቸው።

"አይቻልም" አሉ ጋሼ።

"እናቴ እኮ..."

"ሰምቻለሁ። ቤትሽ የት ነው?"

ነገረቻቸውና እንባዋን ውጣ ሄደች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሼ ላፕቶፕ በብብታቸው ይዘው የቤቷን በር አንኳኩ።

"ለሁሉም ሰው አይቻልም። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ በዓይኔ ካየሁት ቤት... እስቲ እንሞክር።"

ከመንገድ እንዳይታይ ጠረጴዛውን አዞሩ። ከቤቷ እስከ ሰርቨሩ ለእሷ ብቻ የሚከፈት መስመር አበጁ፤ በገባች ቁጥር ስልኳ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር እንዲመጣም አደረጉ። የመረጠችውን የይለፍ ቃል ግን ሦስቴ ጣሉባት።

"የእናትሽን ስም አታድርጊ። ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።"

"ስሜ ምን አጠፋ?" አሉ እናትየዋ ከአልጋቸው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከጋሼ መልእክት ይደርሳታል። መጀመሪያ "መስመሩ ይሠራል? እናትስ?" ነበር። ቀጥሎ "እናት እንዴት አደሩ? መስመሩስ?" ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት መስመሩን ጭራሽ ረሱት።

"እናት ቆሙ?"

"ዛሬ ሁለት እርምጃ ተራመዱ።"

"ግድግዳ ይዘው ነው ወይስ ሳይዙ?"

ጸሐፊዋ እየሳቀች ለእናቷ አነበበችላቸው።

"ካላመነ መጥቶ ይይ በይው" አሉ እናትየዋ።

በማግስቱ ጋሼ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዘው መጡ።