ማሽኑ ራሱ ይናገር የሚሉት ጃቢር

የድሮ ፕሪንተር ወረቀት ሲጎትት የሚያሰማው ሲጥሲጥታ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። እሱ ጸጥ ሲል የኮምፒውተር ጠጋኙ ጃቢር ይጠራል። በዚያን ዘመን ጎንደር ውስጥ ጃቢር የሌለው መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ሰውየው አንድ ነው፤ የሰው ቃል የማያምን፣ ማሽኑን ካልጠየቀ የማይነካ።

የእኛው ክቡር ጃቢር የአዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ናቸው። በሃያ ስድስት ዓመታቸው አንቱ ያሰኛቸው ግርማቸው ነው። ችግራችንን ስንዘረዝር እጃቸውን ያነሣሉ።

"ቆዩ፣ እሱ ይናገር።"

ከዚያ ሁለት መስመር ይጽፋሉ። ለካ ማሽን ስሙን፣ የሚሠራበትን ሰው ስም፣ የሰውየው ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ቦታ በሆዱ መዝግቦ ይይዛል፤ ያቺ ሁለት መስመር አንብባ ታወጣዋለች። እሳቸው "ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል" ይሉታል፤ እኔ የማሽን መታወቂያ እለዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ መልስ ያልሰጣቸውን ማሽን በትዕግሥት ሲጠባበቁ አረፈዱ፤ ሶኬቱ መነቀሉን ያየችው ጽዳቷ እታገኘሁ ናት።

በ፲፱፻፺፱ የካቲት ግን መሳቄን ተውሁ። ከምሠራበት ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአራት መቶ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ስም በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ባሕር ዳር ካልሄደ ልጆቹ ለፈተና አይቀመጡም። አንድ ወር የጻፍሁት፣ ማሽኑ በየጧቱ ራሱ ያቀርብልኝ የነበረው ዝርዝር ደግሞ የለም። በራሴ በካሣዬ ስም ፈለግሁ፣ የለም። ስሜን በወረቀት ጽፌ በማሽኑ ግንባር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት?

ክቡር ጃቢር ወረቀቱን ገልመጥ አድርገው ጥያቄያቸውን ጻፉ።

"አያ ካሣዬ፣ ይኼ እርስዎን አያውቅዎትም።"

"ምነው? ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ?"

"የማውቀው ሽታዬን ነው ይላል።"

ሽታዬ ከእኔ በፊት በዚያ ማሽን ስትሠራ ቆይታ ወደ ኮላ ድባ የተዛወረች ጸሐፊ ናት። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷን ጎተራ ስሞላ ኖሬአለሁ። አራቱ መቶ ልጆች በሽታዬ ስም ሥር ተሰልፈው ተገኙ፤ አውቶቡሱም ሳያመልጠን ደረስን።

ከዚያ ወዲህ ማሽኔ ታመመ እያልሁ ሦስት ጊዜ አስጠርቻቸዋለሁ። አልታመመም ነበር። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሽማግሌ ቃል እንደሚሰማ ሰው መልሱን ሲጠባበቁ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ጠየቁት፣ አነበቡት፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"እሱስ ደህና ነኝ ይላል።"

እኔም ሻይ አዘዝሁ። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ አባታቸው ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ስናወጋ ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ ሌላ ላስመጣ በመስኮቱ ተጣርቼ ዞር ስል፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ እንደ ልማዳቸው ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጥተዋል።