የአቶ ቸኮል ፒካፕና የሁንዴሳ ቀጠሮ

እግዜር አንድ ሰፈር ሲያቀና ጠበሉን፣ ዕድሩንና ነገረኛውን ካደላደለ በኋላ፣ መኪናውን በገዛ እጁ ፈትቶ በገዛ እጁ የሚገጥም አንድ ሰው ሳይመድብለት አይቀርም። እንዲህ ያለው ሰው ጋራዥ በር ላይ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። መካኒክ ሰላም ቢለው እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚመልሰው። እንግዳ ቤቱ ሲመጣ ሰላምታ የሚቀበለው በጫማው ነው፤ የቀረው አካሉ ከመኪናው ሥር ነው።

የላፍቶ ድርሻ ክቡር አቶ ቸኮል ነበሩ። በመሥሪያ ቤታቸው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ በግቢያቸው ግን ዋና መሐንዲስ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ከሐራጅ የገዟት ፒካፕ ወደ ሰፈሩ ስትገባ አረንጓዴ ነበረች። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ምን ቀለም እንደነበራት የሚያስታውስ ጠፋ። የጭነቱ ወለል የባሕር ዛፍ ሳንቃ ሆነ። የጎን መስተዋቷ የወይዘሮ ፅጌረዳ፣ የባለቤታቸው፣ የመኳኳያ መስተዋት ነው። ዝናብ ሲጥል የፊቱን መስታወት የሚጠርገው እንጨት ከውስጥ በሲባጎ ይሳባል፤ ሲባጎውን የሚስበው ደግሞ አብሮ የተሳፈረው ሰው ነው። አቶ ቸኮል ይህን ሁሉ «ማሻሻያ» ይሉታል።

አንድ ጊዜ ጥሩምባዋን አሻሻሉ። በመጋቢት አቦ ንግሥ፣ መካኒሳ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርሱ አንዴ ቢነኩት ስብከቱ እስኪያልቅ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ማርሿን አሻሽለው አንድ ሳምንት ሙሉ ወደ ኋላ ብቻ የምትሄድ መኪና ነዱ። አንገታቸው ተጣሞ ቢሮ ሲገቡ፣ ባልደረቦቻቸው ብርድ የመታቸው መስሏቸው ነበር። የሚያጽናኑበት አነጋገር ግን አላቸው። «ሞተር እንደ ሰው ነው» ይላሉ ጣታቸውን አንሥተው፤ «በእርጋታ ከጠየቁት የሚያመውን ይነግርዎታል። መካኒክ ግን አንዱን አድኖ ሁለቱን ይገድላል።»

ሁንዴሳ ከአቶ ቸኮል ጋር አጥር የሚጋራ ገበሬ ነው። አያቱና አባቱ ላፍቶ ላይ ያረሱ፣ እሱም ያንኑ አፈር የሚያርስ፣ ቀልድ የማይጠላ ግን ሥጋት የማይለቀው ሰው ነው። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ሥጋቱ በቂ ምክንያት ነበረው። ከወንዙ ዳር ያለችውን መሬቱን አንድ የከተማ ሰው «የእኔ ናት» ብሎ፣ ወረቀት ይዞ ከሶታል። ሁንዴሳ ወረቀት የለውም። ያሉት ኦቦ ዋቅጅራ ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ የሁንዴሳ አባት የድንበሩን ድንጋይ ሲተክል ቆመው ያዩ፣ ካዩትም ውስጥ በሕይወት የቀሩ ብቸኛ ሰው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮው ደርሶ ሽማግሌው ታመው ቀሩ። ሦስተኛውን ሲቀጥሩ ዳኛው፣ «ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ምስክርህን ካላቀረብክ ባለው ማስረጃ እወስናለሁ» አሉት። ያለው ማስረጃ የሰውዬው ወረቀት ነው።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ ወገባቸውን ስለሚያማቸው በቅሎ ላይ መቀመጥ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ታክሲ ያን ጊዜ አስፋልቱ ላይ ይቀራል እንጂ ላፍቶ ድረስ አይወርድም። ሁንዴሳ «በቃሬዛ ላስወስድዎት?» ቢላቸው፣ «ሳልሞት?» ብለው ለሁለት ቀን አኮረፉት።

ይህን ሁሉ አቶ ቸኮል ከአጥራቸው ማዶ ሰሙ።

«ኦቦ ሁንዴሳ፣ እኔ እያለሁ?» አሉ፤ ቅር ያላቸው መሰሉ።

ሁንዴሳ ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ፒካፕ አየ። እምቢ ማለት ጎረቤትን ማዋረድ ነው። እሺ ማለት ደግሞ የአባቱን መሬት ያቺ መኪና ላይ መጫን ነው። ዞሮ ዞሮ ሌላ መላ አልነበረውም፤ እሺ አለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልቡ አላስችል ብሎት ወደ አቶ ቸኮል ግቢ ጎራ ቢል፣ ፒካፗ ተበትና አገኛት። የሆድ ዕቃዋ ሁሉ በአሮጌ አንሶላ ላይ ተሰጥቷል። አቶ ቸኮል ከመካከሉ ተንበርክከው አንድ ብረት በጋዝ ያጥባሉ።

«አቶ ቸኮል፣ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ነገ የክብር እንግዳ ስለምትጭን ውስጧን ላጽዳ ብዬ ነው።»

«ነገ እኮ ሐሙስ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ዛሬ የፈታኋት።»

ሁንዴሳ ዓይኑ አንድ የጣሳ ክዳን ላይ ተተክሎ ቀረ። ሦስት ብሎኖች ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«እነዚህስ?»

«እነሱ ትርፍ ናቸው። ፈረንጅ ፈሪ ስለሆነ አብዝቶ ነው የሚያስረው።»

ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ወርቄ ፊቱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። «መሬቱን ዛሬውኑ ለሰውዬው ብትሰጠው አይሻልም? ቢያንስ ሽማግሌው ይተርፋሉ» አለች። እየቀለደች መሆኗን ሁንዴሳ እርግጠኛ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ፒካፗ በአራት ጎማዋ ቆማ ጠበቀችው። አቶ ቸኮል የቢሮ ሱፋቸውን ለብሰው ከረባት አስረዋል። ሁለት ጊዜ ተገፍታ፣ በሦስተኛው አስነጥሳ ተነሣች። ኦቦ ዋቅጅራ መካከል ተቀመጡ። መኪና ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ከሦስቱ ውስጥ የተደሰቱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁንዴሳ በሩ በደንብ ስለማይዘጋ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ሽማግሌውን ይዞ፣ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ የወደቀ ነገር እንዳለ ወደ ኋላ እያየ ተጓዘ። አቦ ጋ ሲደርሱ አንገቱን አውጥቶ ተሳለመ፤ ስለትም ጨመረበት።

ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ መኪናዋ ሳለችና ቆመች።

«ቤንዚኑ ነው» አሉ አቶ ቸኮል፤ ኮፋኖውን ከፈቱ፣ ቱቦውን በአፋቸው መጠጡ፣ ተፉ፣ አፋቸውን በከረባታቸው ጠረጉ። ተነሣች። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄዳ ደግሞ ቆመች። «ካንዴላው ነው» አሉ። እሳት የሚጭረውን ብረት ፈቱ፣ ነፉበት፣ መልሰው አሰሩት። ተነሣች። ቀጥሎ አንድ ነገር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ቺንጊያው ነበር፤ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያሽከረክረው ቀበቶ። አቶ ቸኮል ምንም ሳይሉ የሱሪያቸውን ቀበቶ ፈትተው በቦታው ቋጠሩት። ሱሪያቸውን በሲባጎ አሰሩ።

«ደግሞ አረፈች?» ይላሉ ኦቦ ዋቅጅራ በየመቆሚያው። «በሬም ዳገት ላይ ያርፋል።»

አቶ ቸኮል የእጅ ሰዓታቸውን ባዩ ቁጥር ሁንዴሳ ፊታቸውን ያያል። አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። በእግሩ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ከተማ ነበር፤ ግን ብቻውን ደርሶ ምን ሊረባ? ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ፣ መኪናዋ ጭራሽ ድምፅ አጠፋች። አቶ ቸኮል ኮፋኖው ውስጥ ተደፍተው ቆዩ። ቤንዚኑንም ካንዴላውንም አዩ። እንደገናም አዩ።

ሁንዴሳ ያን ጊዜ ከመኪናዋ ወረደ።

«አንተ ሰው» አለ። ሰባት ዓመት ሲጎራበቱ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብሏቸው አያውቅም። «መኪናህን ለምን ለሚያውቅ ሰው አትሰጣትም? አባቴ የሞተባትን መሬት በብሎን ትጫወትባታለህ? ምን እንዳመማት እንኳ ታውቃለህ?»

አቶ ቸኮል ቀና አሉ። ግንባራቸው በዘይት ጠቁሯል።

«አላውቅም» አሉ።

በላፍቶ ምድር ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው አልነበረም። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ለሁንዴሳ አቀበሉት፤ በሩን ከፍተው ለኦቦ ዋቅጅራ ጀርባቸውን ሰጥተው በርከክ አሉ።

«አባቴ፣ ይያዙኝ።»

«ይህ ቃሬዛ አይደለም?» አሉ ሽማግሌው።

«አይደለም።»

ሽማግሌውን አዘሏቸው። ቁልፏ እንደተሰካ፣ ኮፋኖዋ እንደተከፈተ፣ ያቺ ማንም እንዳይነካት የሚጠብቋት መኪና ከመንገድ ዳር ቀረች። አቶ ቸኮል ዞር ብለው አላዩአትም። ሁንዴሳ «ልቀበልዎት» ቢላቸው አልሰጡትም። ስለዚህ ከኋላ ሆኖ ጠዋት ፒካፗን እንደገፋት እሳቸውን ገፋ። ዳገቱ መጨረሻ ደረሱ። አስፋልቱ ላይ ያገኙት ባለታክሲ ልብሳቸውን አይቶ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አሳፈራቸው።

ችሎቱ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን ሲያይ ሁንዴሳ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አቶ ቸኮል ግን ሳይጠየቁ እንደገና በርከክ አሉ። ተላላኪው የሁንዴሳን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ሲጣራ፣ ዘይት የጠጣ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሱሪውን በሲባጎ ያሰረ ሰው፣ ሽማግሌ አዝሎ እያለከለከ በሩን አለፈ። ባለ ወረቀቱ ሰውዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ።

«ምስክርህ የትኛው ነው?»

«የታዘሉት ናቸው ጌታዬ።»

«ያዘላቸውስ?»

ሁንዴሳ ሳይመልስ ኦቦ ዋቅጅራ ከትከሻ በላይ ብቅ ብለው ቀደሙት፤ «መኪናችን ነው» አሉ።

ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛውም ሳይቀሩ። ከዚያ ሽማግሌው ተቀምጠው፣ ድንጋዩ የተተከለበትን ክረምት፣ የያዙትን ሰዎች ስም፣ የዚያን ቀን የታረደውን ወይፈን ቀለም ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገሩ። ቃላቸው ተጻፈ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ለሁንዴሳ ተፈረደ። ያን ዕለት ግን ይህን ገና አያውቅም ነበር።

ኦቦ ዋቅጅራ ከተማ ካለችው የልጅ ልጃቸው ቤት ሊያድሩ ቀሩ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቁልቁለቱን በእግራቸው ተያያዙት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ፋይል ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሳዘዋውር ኖርኩ» አሉ አቶ ቸኮል። «እሷ ስትነሣ ግን፣ እኔ ነኝ ያስነሣኋት እላለሁ።»

ፒካፗ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሹፌሩ፣ ዳባ የሚባል ጎልማሳ፣ መካኒክም ነው፤ የተከፈተ ኮፋኖ ሲያይ ማለፍ አልሆነለትም። ጣት የማትሞላ ሽቦ ከቦታዋ ወጥታ ነበርና መልሶ ሰካት። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲነካ ተነሣ። ዳባ ግን አልሳቀም፤ ወደ ውስጥ እየጠቆመ ተቆጣ።

«ሦስት ብሎን ጎድሏል። ይህቺ ሽቦ በዚያ ምክንያት ነው የወጣችው። ደግሞ የሱሪ ቀበቶ እዚህ ምን ያደርጋል? ይህን የነካካው ሰው ማነው?»

አቶ ቸኮል አፋቸውን ከፈቱ። ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ሁንዴሳ።

በዕድሜው ከማረሻና ከቀንበር በቀር የገጠመው ነገር አልነበረም።

ዳባ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አባባ፣ የማያውቁትን ነገር ሁለተኛ እንዳይነኩ።»

«እሳቸውም አትንካ ብለውኝ ነበር» አለ ሁንዴሳ ወደ አቶ ቸኮል እያመለከተ፤ አንገቱንም ደፍቶ ተግሣጹን እስከ መጨረሻው ሰማ።