የአንገት ሹሟ

እትዬ አስረሳሽ በየማለዳው ሻርፓቸውን እስከ አገጫቸው ይጠመጥሙና በበራቸው የሚያልፈውን የመጀመሪያ ሰው አንገት በሁለት ጣታቸው ያዝ ያደርጋሉ። «ዋጥ አርግ እስቲ!» ሰውዬው ምራቁን ይውጣል። «ደህና ነህ፣ ሂድ።» «እንዴት አደርክ» ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ማንም ሳይሾመው የሰውን ሁሉ ጤና በአደራ የተረከበ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛዋ የኮቦ ሹም በርበሬና ጨው ቸርቻሪዋ እትዬ አስረሳሽ ናቸው። ግዛታቸው ከአገጭ በታች፣ ከደረት በላይ ነው። ጨው የገዛ ሁሉ ትምህርቱን አብሮ ይሸከማል፦ «ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪ! ቀድመሽ ከጨመርሽው አዮዲኑ ይተናል!» አንድ ሙሽራ በሠርጉ ቀን ከመኪና ሳይወርድ አንገቱን አስፈትሿል። እንቅርት አይተውበት ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው በገበያ መሀል በስሙ ይጠራል፤ ድምፃቸው ደግሞ ጎረቤት ከተማ ጎብዬ ድረስ ይሰማል።

የራሳቸውን አንገት ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

«ላብሽ አላማረኝም» ይሏቸዋል ጎረቤታቸው እትዬ ዘኪያ።

«ኮቦ ላይ ማን የማያልበው አለ?»

«እጅሽስ ምን ያንቀጠቅጠዋል?»

«በርበሬ ስመዝን ነዋ!»

«ወላሂ፣ እንደ ጅብ እየበላሽ እንደ ክር ቀጠንሽ።»

«ምቀኛ!»

ላቡን የቆላው ሙቀት ነው አልን፤ ቁጣውን ጠባይ ነው አልን። አንድ የገበያ ቀን ጨው ሲሰፍሩ ልባቸው ጋለበና ወደቁ። ሻርፑ ተፈታ። እንደ ሐብል በዞረ ንቅሳት ሥር እንቅርቱ ብርቱካን አክሏል። ንቅሳቱን እናታቸው በልጅነት የነቀሷቸው እንቅርት እንዳይወጣባቸው ብለው ነበር። እንቅርት ግን ንቅሳት አያነብም።

ይዘናቸው ደሴ ወጣን። ዶክተር ትርሲት የምትባል ወጣት ሐኪም አንገታቸውን ያዝ አደረገችና «ዋጥ ያርጉ እስቲ» አለቻቸው። ሹሟ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዙ።

«ታይሮይድ ይባላል» አለች ሐኪሟ። «ቢራቢሮ ይመስላል፤ ሁለት ክንፉ የአየር ቧንቧውን ግራና ቀኝ ያቅፋል። ከምግብ አዮዲን እየወሰደ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ በደም ዞሮ ልብንም አንጀትንም የሰውነት ሙቀትንም ‹በዚህ ፍጥነት ሥሩ› ይላቸዋል። ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፣ ይፈዛል። ሲበዛ እንደ እርስዎ ነው። ከአንጎል ሥር ያለች አለቃ ዕጢ ‹ጨምር፣ በቃህ› ትለዋለች። የእርስዎ ግን አለቃዋን መስማት ትቷል።»

«ባለቤቲቱስ መች ሰምታ ታውቃለች!» አሉ እትዬ ዘኪያ።

ልባቸው በክኒን ከተረጋጋ በኋላ ለቀዶ ጥገና ተቀጠሩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው የመጣው ያኔ ነው። «የድምፅ ነርቭ ከዕጢው ጀርባ እንደ ክር ቀጥኖ ያልፋል» አለች ዶክተር ትርሲት። «በጣም እንጠነቀቃለን። ግን ሊጎዳ ይችላል።»

እትዬ ዘኪያ ቀልድ ጠፋባቸው። ድምፅ የሌላቸውን እትዬ አስረሳሽን ማናችንም ልናስባቸው አልቻልንም። እሳቸው ያዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስትቆርጪኝ በንቅሳቱ የታችኛው መስመር ላይ ቁረጪ። የናቴን እጅ እንዳታጣምሚው።»

ቀዶ ጥገናው አልቆ ሲነቁ ሐኪሟ ጎንበስ አለች። «ስምዎን ይንገሩኝ።»

ዝም።

«አንዲት ቃል ብቻ።»

ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ዝም። አቅቷቸው ይሁን መሞከሩን ፈርተው አላወቅንም። ሐኪሟ እኔን አየች፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። የእትዬ ዘኪያ ሙስባሃ፣ መቁጠሪያቸው፣ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል።

ድንገት እትዬ ዘኪያ ወደ እኔ ዞሩና ጮክ አሉ፦ «አንቺ ልጅ፣ ጨው የሚጨመረው ሽንኩርቱ ገና ሲቁላላ ነው፣ አይደል?»

ከአልጋው ላይ እንደ አሮጌ በር የሻከረ ድምፅ ወጣ።

«ሊ… ሊወጣ ሲል! ሊወጣ ሲል ነው፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«አልሐምዱሊላህ!» እትዬ ዘኪያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ዛሬ ዕጢው የለም፤ ሆርሞኑን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው በክኒን ይውጡታል። ላቡ ቆመ፣ እንቅልፉ መጣ፣ ሻርፑ ቀረ። ጠባያቸውም አብሮ ይለወጣል ብለን የጠበቅን ግን ተሸውደናል። ድምፃቸው ጎብዬ ባይደርስም ገበያውን ይዞራል፤ የእኔም አንገት ዛሬ ጠዋት ተፈትሿል።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ነው ስላቸው ሁሉንም ፈቀዱ፤ አንዷን ብቻ «ተያት» አሉኝ። ወደ ቀዶ ጥገናው ሊገቡ ሲሉ ስልኬን አስወጥተው ድምፃቸውን አስቀርፀውኝ ነበር። «ድምፄ ከቀረ ይቺን ታሰሚያቸዋለሽ።» ስለ ጨው የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። የተቀረፀው ግን ስማችን ብቻ ነው፤ በበራቸው ቆመው እንደሚጠሩን፣ አንድ በአንድ። ዘኪያን ሁለት ጊዜ ጠርተዋል።