ጋቢ የለበሰችው ማኪና

ከእሳት ይልቅ ነፋስ የሚፈራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ አያ ደምሴ የሚባሉ የጎንደር ነጋዴ ናቸው። ጣሊያን ትቷት የሄደውን ባለሁለት ወንበር የእሽቅድምድም ማኪና ይነዳሉ። ዳገት ላይ ዘይቷ እየፈላ ቢያስቸግራቸው፣ ዘይቱን በነፋስ የሚያበርድ ዕቃ ከአስመራ አስመጥተው ከፊቷ አስገጠሙ።

የኮሶዬን ዳገት አብረን ስንወጣ ብርዱ ጠና። አያ ደምሴ ማኪናዋን አቆሙና ወርደው፣ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ማብረጃውን ጥቅልል አድርገው ሸፈኑት።

«ምነው አያ፣ ነፋስ እንዲያገኘው አይደል የተገጠመው?» አልኩ።

«ታዲያ በላቧ ላይ ነፋስ ላስመታት?» አሉ ተቆጥተው።

ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጨሰና ቀጥ አለ። ወርደን ከፊቷ ቆምን። ግለቱ ፊታችንን እየለበለበን፣ አያ ደምሴ እንደ ሐዘንተኛ አንገታቸውን ደፉ።

«ዘግይቼ አለበስኳት» አሉ። «ብርድ መታት።»