የካብ ሥር እንሽላሊቶችና የልጄ እናቶች

እንሽላሊትን «እንቁላሏን ጥላ የምትሄድ አረመኔ» ብሎ የሚያማት ሰው ካብ አንሥቶ አያውቅም። አትሳቁ! ወንዱን አይታችሁታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ድንጋይ ላይ ተሰይሞ፣ አናቱን አቅልቶ፣ ስብሰባ ላይ እንዳለ ካድሬ ራሱን ሲነቀንቅ ይውላል። ሴቷ ግን ሥራ አላት። ኢሕአዴግ ገና እንደገባ ቡታጅራ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ የካቡን አንድ ድንጋይ ላቃና ባነሣው፣ የአንዲት ሆድ ሊይዘው የማይችል እንቁላል ከሥሩ ተከምሮ አገኘሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ገባኝ፤ ሴቶቹ ተከታትለው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው የጣሉት። አንዷ እርጥብና ሞቃት አፈር ካገኘች ሌላዋ ምን አደከማት? የአንዲቷ እንቁላሎች እንኳ አባታቸው ሁለት ሦስት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለዚያ ነቅናቂ ማን ይንገረው! ድንጋዩን ቀስ ብዬ መለስኩት።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ፀሐይ የመጀመሪያ ልጃችንን ተገላገለች። እልልታው ሳያልቅ ደም አልቆም አላትና ከእናቷ ጋር በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተወሰደች። እኔና የቀናት ዕድሜ ያላት ልጄ ቀረን። የላም ወተት አቅጥኜ ብሰጣት ትተፋዋለች፤ የቆርቆሮው የዱቄት ወተትም ያው። ለቅሶዋ እየሳሳ መጣ። የሚጮህ ሕፃን ያስጨንቃል፤ ዝም ያለ ሕፃን ግን የሰው ደጅ ያስጠናል።

ጎረቤታችን ዘይነባ እንሴኖ ገበያ በርበሬ የምትነግድ፣ የሚጠባ ወንድ ልጅ፣ ፉአድን፣ የታቀፈች ሴት ናት። ልጄን ይዤ ደጇ ቆምኩ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ወንድ ልጅ የሰው ሚስት ደጅ ቆሞ ይህን ነገር ከየት ይጀምረዋል? አላስጀመረችኝም።

«መምህር፣ ምን ይገትርሃል? ልጅቷን ወዲህ በል!»

«ቢስሚላህ» ብላ አስጠጋቻት። ዞር ብዬ የመጥባቷን ድምፅ ስሰማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ የካቡ ሴት እንሽላሊቶች ብልሃትም ያን ቀን ከመጽሐፍ ይልቅ በጆሮዬ ገባኝ። ባሏ ሸምሱ ከሱቅ መጥቶ ሲሰማ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ፉአድ እህት አገኘ» አለ። ለወጉ ያህል መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእነሱ ሃይማኖት አንድ ጡት የተጋሩ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። አምላክ ይመስገን፣ ፀሐይ ድና እስክትመለስ ሁለቱ ሕፃናት ግራና ቀኝ ተካፍለው ጠቡ። «እግዜር ይስጥልኝ» ለዚህ ምኑን ይበቃል? አይበቃም፤ እስከ ዛሬ ግን እላለሁ።

ልጄ አድጋ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሽማግሌ መጣላት። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ በእኔም በፀሐይም ወገን ሰባት ትውልድ ቆጥረው፣ ዝምድና እንደሌለ አረጋግጠው፣ «እንግዲህ አለቀ» ሲሉ ዘይነባ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ቆይ፣ ቆይ! የእኔ ቤት መች ተቆጠረ? ልጁ የማንን ጡት ነው የጠባው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቁን እየዋጠ፣ ልጁ ቸሃ ተወልዶ ከእናቱ ሌላ የማንንም እንዳልጠባ ማለላት። ይኼኔ ቁጭ አለች።

«በሉ፣ እናቷ ትመርቅ» አሉ አዛውንቱ።

ፀሐይ ተነሣች፤ ግን አልመረቀችም። ሄዳ የዘይነባን እጅ ይዛ አስነሣቻት።

«አንቺ ቅደሚ» አለቻት፤ «ያን ጊዜም የቀደምሽው አንቺ ነሽ።»